የትንሹ መዶሻ ወገን

በፓክ ሉንግ መንደር ብረት የሚቀጠቀጠው በሁለት ሰው ነው። ባል ትንሹን መዶሻ ይዞ ብረቱ ከሚጋደምበት መስፍ ወዲህ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ሚስት ትልቁን መዶሻ ይዛ ወዲያ ማዶ ትቆማለች። ትንሹ መዶሻ የጋለውን ብረት ነካ እያደረገ ቦታ ያሳያል፣ ትልቁ እዚያው ላይ ያርፋል። ትንሹ ጠበቅ አድርጎ ከመታ «በርቺ» ማለት ነው፤ ሳሳ ካደረገ «ቀስ»፤ የመስፉን ጠርዝ አንዴ ካቃጨለ «በቃ»። ሥራ ላይ ሳሉ ባልና ሚስት አይነጋገሩም፣ ቢነጋገሩም አይደማመጡም። ከቆላው ሜዳ የመጣ እንግዳ፣ ሴቲቱ ያን የሚያህል መዶሻ ከራሷ በላይ ስታነሳ፣ ባልየው ደግሞ ተቀምጦ ነካ ነካ ሲያደርግ አይቶ ፊቱን ያጨማድዳል። የመንደሩ ሴቶች ይህን ፊት ለምደውታል። ቢቆሙማ ይደክማቸዋል ብለን ነው የምናስቀምጣቸው ይሉና ይስቁበታል።

ኖንግ ቲ ፊን ትልቁን መዶሻ ሃያ አምስት ዓመት አንስታለች። ባሏ ሎንግ ቫን ታክ በስድስተኛው ወር፣ በቆሎው ገና ከማሳ ሳይሰበሰብ፣ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ፊን የሚታጠበውን አጠበች፣ የሚሰፋውን ሰፋች፣ ለቀባሪው ሁሉ ሩዝ አበሰለች። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ብዙ አላወራችም። ሰው ሲመጣ ስለ አሳማዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ከተማ ፋብሪካ ስለገባችው ልጇ ታወራለች። እሳቱ እንደ ደንቡ መቶ ቀን ጠፍቶ ቆየ። በመቶ አንደኛው ቀን የእሳቱን ጎጆ ጠርጋ፣ የወናፉን ቆዳ ዘይት ቀብታ፣ በሩን መልሳ ዘጋችው።

በአሥረኛው ወር የባሏ ታናሽ ወንድም ቱንግ አንድ የተጠበሰ ዳክዬና አንድ ጠርሙስ የበቆሎ አረቄ ይዞ መጣ። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ስለ ማኅተሙ ተናገረ።

ማኅተሙ ጣት የምታህል ብረት ናት። ጫፏ ላይ ሦስት ሰረዝና አንድ ነጥብ ተቀርጾባታል፤ ያለቀለት ቢላዋ ጀርባ ላይ አንዴ ትመታለች። የሎንግ ቤት ማኅተም ነች፣ ከአባት ወደ በኩር ልጅ ስትወርድ የመጣች። ቱንግ ታናሽ ስለሆነ ጎጆ ሲወጣ የራሱን አዲስ ማኅተም አስቀርጿል፤ አንዲት ክብ ናት። ቢላዋው መጥፎ አይደለም፣ ይሸጣል። ነገር ግን ከድንበሩ ወዲያ የሚመጡ ነጋዴዎች እንኳ ቢላዋ ሲያነሱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ሦስቱን ሰረዝ ነው።

ቱንግ ያለው እንዲህ ነበር፦ ማኅተም ትንሹን መዶሻ ከያዘ እጅ ጋር ይኖራል፤ እዚህ ቤት ደግሞ ያ እጅ የለም። የሚስቱ የሊየን ትከሻ በመከር ወልቆ ተመልሷል፣ ከእንግዲህ ትልቁን መዶሻ ማንሳት አትችልም። ስለዚህ ማኅተሙ ወደ እሱ ይምጣ፣ ፊንም ከማኅተሙ ጋር ወደ እሱ እሳት ትምጣ፣ እሱ ይቀመጥ፣ እሷ ትምታ፣ የሚገኘው እኩል ይካፈላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን ያከበደባትም ይህ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር።

ፊን የቀረውን አረቄ ቀዳችለት።

«ቢላዋ የሚፈተንበት ቀን ገና ሦስት ወር አለው» አለችው።

«እትዬ፣ በዚያ ቀን ምን ልታመጪ ነው?»

«ቢላዋ ነዋ። ሌላ ምን ይመጣል?»

«ማን ቀጥቅጦት?»

«ዳክዬው ጥሩ ተጠብሷል» አለች ፊን። «ሊየንን አመስግንልኝ።»

የመንደሩ ደንብ ይህ ነው። በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ወር በአሥረኛው ቀን፣ ማኅተም ያለው ቤት ሁሉ በአዲሱ እሳት የሠራውን አንድ ቢላዋ ይዞ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ይሰበሰባል። ቢላዋው በሽማግሌው ፊት በባለቤቱ እጅ ፌሮ ላይ ሦስት ጊዜ ያርፋል። ስለቱ ካልተሸረፈ ማኅተሙ ለዓመቱ ይሠራል። ከተሸረፈ ማኅተሙ በቤቱ መሠዊያ ላይ ዓመት ሙሉ ይተኛል፤ ባለቤቱም የሚሠራው በሌላ ቤት ማኅተም ሥር ነው። ቢላዋ ሳያመጣ የቀረ ቤት ግን ማኅተሙን ለቅርብ ወንድ ዘመዱ ያስረክባል፣ ያም አይመለስም። ማኅተም የያዘው ሁሉ ወንድ ስለነበር ሴት በዚያ ፌሮ ላይ ቢላዋ አሳርፋ አታውቅም። አይቻልም ያለ የለም፤ የጠየቀም አልነበረም።

ፊን የዚህን አገር ብረት ከቱንግ ባላነሰ ታውቃለች። መንደሩ ያለበት የካው ባንግ አውራጃ ምድር ድንጋይ ነው። የፓክ ሉንግ ሰዎች ሲቀልዱ፣ ሰማይ አፈር ሲያድል አባቶቻችን ወናፍ ላይ ነበሩ፣ ሲደርሱ የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነበር ይላሉ። በቆሎ የሚዘራው በድንጋይ መሐል ባለ እፍኝ አፈር ላይ፣ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ፍሬ እየተጣለ ነው። ወንዙ እንኳ መንደሩ ጫፍ ደርሶ ዋሻ ውስጥ ይገባና በሚቀጥለው ሸለቆ ይወጣል። ሰው አፈር ባያገኝ ብረት አበቀለ። አገሩን ይገዙ የነበሩት ፈረንሳዮች ተሸንፈው ሲሸሹ ቁጥር አራት በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ የጣሏቸውን የጭነት መኪናዎች የፓክ ሉንግ ሰው ባሌስትራቸውን ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞ አመጣ፤ እስከ ዛሬ ከባሌስትራ የተሻለ የቢላዋ ብረት አልተገኘም። ጦርነት ከሰሜን ድንበሩን በተሻገረ ጊዜ ፊን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ዋሻ ሲገባ፣ ሰው ሩዙን ትቶ መስፉን ነው የተሸከመው። ሲመለሱ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ጎሹ ታርዶ ጠበቃቸው። በሦስተኛው ቀን ግን በሸለቆው ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። በዚያ ዓመት የአውራጃው ገበሬ ሁሉ መሬቱን የቆፈረው በፓክ ሉንግ ዶማ ነው። ይህን ፊን ለልጇ ደጋግማ ነግራታለች፤ ከምትናገራቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ልጇ ሃው ለአዲስ ዓመት ስትመጣ ጥፍሯን ሮዝ ተቀብታ ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ሜዳው ላይ ባለ የስልክ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ፈቃዷም እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ብቻ ነው። እናቷ የፈለገችውን ስትነግራት ሃው መጀመሪያ ጥፍሯን አየች፣ ቀጥሎ ጎጆውን።

«እኔ ልመታ፣ አንቺ ልትቀመጪ?»

«አዎ።»

«ጥፍሬ ሁለት ቀን አይቆይም ማለት ነው።»

«አንድም አይቆይም» አለች ፊን።

በአዲሱ ዓመት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወናፉና መስፉ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፉ፣ አንድ ዶሮ ቀቅለው ለእሳቱና ለአያቶች አቀረቡ፣ እሳቱ ተያያዘ። ፊን በታክ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በርጩማው ለእሷ ዝቅ ይላል፤ ሌላ ልታመጣ ተነሳች፣ ከዚያ ተመልሳ ቁጭ አለች። ሃው ልጅ ሳለች አንዳንዴ ከአባቷ ጋር ትሠራ ስለነበር ትልቁን መዶሻ እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳያት አላስፈለጋትም። ፊን በጉጠት ባሌስትራውን ከእሳቱ አውጥታ መስፉ ላይ አጋደመችው። ብረቱ እንደ በሰለ ቃሪያ ቀልቷል። ሃው መዶሻውን አነሳች። ፊንም አነሳች። ሁለቱም መዶሻቸውን ከፍ አድርገው ጠበቁ።

ብረቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«እማ» አለች ሃው፣ «አንቺ ነሽ እኮ የምትነኪው።»

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ፊን የሌላ ሰው መዶሻ እስኪናገር ጠብቃ ነበር የምትመታው። አሁን ትንሹን ይዛም ጆሮዋ ያንኑ ይጠብቃል። ሁለቱ እየሳቁ ብረቱን ወደ እሳት መለሱት። ሃው የሳቀችው እስኪያስነጥሳት ነው፤ ፊን ግን ቶሎ ተወችና ወናፉን መንፋት ጀመረች።

የመጀመሪያው ቢላዋ የተበላሸው በእሷ ክንድ ነው። ትንሹ መዶሻ መጠቆም ሲገባው ይመታ ነበር፤ ትልቁን የለመደ ክንድ ነካ ማድረግ አያውቅም። የቢላዋው ጀርባ ሳሳ፣ ሆዱ ተንሻፈፈ። ከታክ ከተረፈው ባሌስትራ የሚወጣው ሦስት ቢላዋ ብቻ ነው፣ አንዱ ሄደ። ፊን በሚቀጥለው ቀን መዶሻውን በሁለት ጣቷና በአውራ ጣቷ ብቻ ይዛ ባዶ መስፍ ስትነካ ዋለች። ሃው በረንዳ ላይ ሆና የሩዝ ኬክ እየበላች፣ ዶሮ ጥሬ የምትለቅም ይመስላል ብላ አሾፈችባት።

በሁለተኛው ቢላዋ ላይ ክንዷ ተማረ። ሃው ከመዶሻው ጋር መተንፈስ ጀመረች፣ ነካ ሲል ትመታለች፣ ጠርዙ ሲያቃጭል ታቆማለች፤ ብረቱም እንደ ሊጥ ወደ ታዘዘበት ሄደ። ቅርጹ ሲያልቅ ሃው አንስታ በአንድ ዓይኗ ቃኘችው፤ አባቷ የሠራው ይመስላል ለማለት አፏን ከፍታ ተወችው።

የቀረው ማጠጣቱ ነው፤ ፊን የማታውቀውም እሱን ነው።

የጋለ ቢላዋ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ይቆርጣል፣ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ስለቱን ነጭ እስኪሆን ፈግፍገው እንደገና ለእሳት ያሳዩታል፣ በነጩ ብረት ላይም ቀለም እየተከታተለ ይሮጣል፦ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ። በየትኛው ቀለም ላይ ተመልሶ ውሃ እንደሚገባ የየቤቱ ምስጢር ነው። ቶሎ ከገባ ይሸረፋል፣ ከዘገየ ይታጠፋል። ታክ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ለአሳማው የሚበላ እንድትሰጥ ይልካት ነበር። አባቱም እናቱን እንዲሁ ይልክ ነበር፤ አለማመን አይደለም፣ ደንብ ነው። ፊን አንድም ቀን ዞር ብላ አላየችም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አሳማው በሰዓቱ በላ።

ሃው ስልኳን አውጥታ አንድ መነጽር ያደረገ የውጭ ሰው ብረት ሲያሞቅ አሳየቻት። ሰውየው ሙቀቱን በቁጥር ይናገራል። ፊን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አየችውና፣ የእኛ እሳት ቁጥር አያውቅም ብላ ስልኩን መለሰችላት። የአጎቷ የቱንግ ቤት አርባ እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ ሃው ሄጄ ልጠይቀው አለች። ፊን ከሰሉን መቆስቆስ ጀመረች፣ ሃውም ድጋሚ አላነሳችውም።

ሁለተኛውን ሰማያዊ ላይ አወጣችው። ፌሮ ላይ ስትሞክረው ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። ለሦስተኛው ሁለቱ ሦስት ቀን ሠሩ። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፊን ብቻዋን እሳቱ ፊት ተቀመጠች፣ ሃውን አሳማ እንድታበላ ላከቻት፤ ለምን እንደላከቻት ግን ራሷም አታውቅም። ቀለሙ ሲመጣ አየችው። መጀመሪያ የመጣው ቢጫ፣ የደረቀ ገለባ መሰለ። ባለፈው ዘገየሁ፣ ዛሬ አልዘገይም አለችና ውሃው ውስጥ ከተተችው። በቁራጭ ፌሮ ላይ አንዴ ሞከረችው፤ ፌሮው ለሁለት ተከፈለ። ስለቱ ምንም አልሆነም። ሃው ደግመሽ ሞክሪው አለቻት። ፊን ግን ሞረዷን አንስታ መሳል ጀመረች። ቢላዋው ከተበላሸ ሌላ ብረት የላትም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ከቋጥኙ ሥር ሃያ አንድ ቤት ተሰበሰበ። ሴቶቹ በጥቁር ሰማያዊ የተነከረ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ ቆመዋል። ፊንም እንደነሱ ለብሳለች፣ የቆመችው ግን ከወንዶቹ መስመር ነው። ማንም ወደ ኋላ ሂጂ አላላትም። ሊየን በደህና ክንዷ ገፋ አድርጋት አልፋ፣ ቱንግ ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም፣ ያሳሰበው የራሱ ቢላዋ አይደለም፣ የአንቺ ነው ብላ በጆሮዋ ነገረቻት።

ሽማግሌው አባባ ዲን የመንደሩን ቢላዋ ሲፈትኑ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ፈተናው በዓይን አይደለም፣ ዓይን ይሳሳታል። ቢላዋው ፌሮው ላይ ሦስቴ ካረፈ በኋላ አንዲት ብጫቂ ጥጥ ወስደው ስለቱ ላይ ከእጀታው እስከ ጫፉ ያሳልፏታል። ስለቱ ደህና ከሆነ ጥጧ ትንሸራተታለች። ከሰሊጥ ያነሰ ሽራፊ ካለ ጥጧ ትያዛለች፣ ነጭ ክር ትቀራለች።

ከፊን በፊት ከነበሩት የሁለቱ ጥጥ ተያዘ። አንዱ ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ ቀልቶ ቢላዋውን ወደ ሰገባው ሲመልስ ጓደኞቹ በዚህ ዓመት እኛ ጋ መጥተህ ከሰል ትሸከማለህ አሉት። የቱንግ አለፈ።

«የሎንግ በኩር ቤት» ሲባል ፊን ወጣች።

ፌሮው ግንድ ላይ ተጋድሟል። ቢላዋውን ሁለት ጊዜ አሳረፈችው፣ ሁለቴም ፌሮው ተቆረጠ። በሦስተኛው ሙሉ ኃይሏን ጣለችበት፣ ትልቁን መዶሻ በምታነሳበት ክንድ። የተቆረጠው ፌሮ ተፈናጥሮ የአንዱን ጫማ መታ። ከሴቶቹ በኩል ማጉረምረም ተነሳ፣ የደስታ ነው። ፊን ግን በእጇ ላይ አንድ ነገር ተሰምቷታል፣ ጥርስ ላይ አሸዋ እንደሚሰማው ያለ ነገር።

አባባ ዲን ጥጧን ከእጀታው ጀመሩ። ቀስ ብለው ጎተቷት። ከጫፉ አራት ጣት ሲቀረው እጃቸው ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ ተመልሶ ዝቅ አለ፣ ጥጧም በሰላም ጫፍ ደረሰች።

«ንጹሕ» አሉ።

ሃው ከኋላ እጇን አጨበጨበች። ሰዉ ሊንቀሳቀስ ሲል ፊን ቢላዋውን ከሽማግሌው እጅ አልተቀበለችም።

«አባባ፣ እጅዎ እዚህ ጋ ተነሥቷል» አለች። «ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው አዩዋት። ቀስ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ አድርገው፣ የሞተው ታክ እንደ ልጃቸው እንደነበር፣ ከሞተም ዓመት እንዳልሞላው፣ ለአንድ ዓመት ማንም ምንም እንደማይጎዳ ነገሯት። ፊን አንገቷን ዝቅ አድርጋ አዳመጠቻቸው። ሲጨርሱ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ግን የፊተኛው መስመር ሰማ።

«ለመበለት ተብሎ የታለፈ ቢላዋ ጫካ ገብቶ እንጨት ሲቆርጥ መበለትነቴን አያይልኝም። ይድገሙት፣ አባባ።»

ሽማግሌው ጥጧን መልሰው አሳለፏት። ከጫፉ አራት ጣት ሲቀረው ተያዘች፣ አንዲት ነጭ ክር ቀረች። በሸለቆው ውስጥ የሆነ ቦታ ዶሮ ጮኸ። አባባ ዲን፣ የሎንግ በኩር ቤት ማኅተም ለዓመት ይተኛል ብለው ተናገሩ፣ በዚያ ቀን ለሁለቱ ከተናገሩበት ባልተለየ ድምፅ። ፊንም እንደሌሎቹ አጎንብሳ ቢላዋዋን ተቀበለች። የሃው ዓይን እንባ ሞላ፣ የእናቷ ግን ደረቅ ነው።

ወደ ቦታዋ ሳትመለስ ቱንግ መስመሩን ጥሶ መጣና ቢላዋውን ከእጇ መንጠቅ በሚመስል አኳኋን ወሰደው። ወደ ብርሃኑ አነሳው፣ ሽራፊውን በጥፍሩ ነካው፣ ጀርባውን አየ፣ በጣቱ ቆረቆረው፣ ድምፁን አዳመጠ። ሰው ሁሉ ሊያጽናናት የመጣ መሰለው። ቱንግ ግን ፊቱ ተቆጥቷል።

«ይህን የመሰለ ቢላዋ! ቅርጹን ተመልከቱት፣ ሚዛኑን ተመልከቱት፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይደረጋል? ቸኮልሽ፣ እትዬ። ገለባ ላይ አወጣሽው። ማር እስኪመስል መጠበቅ ነበረብሽ፣ ገለባ ላይ ማን ያወጣል? ታክም በመጀመሪያ ዓመቱ ይህንኑ አድርጎ አባታችን በጥፊ…»

እዚህ ላይ አፉን ያዘ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሊየን ናት። ቀጥሎ ሃያ አንዱ ቤት ሳቀ። የሎንግ ቤት ለአራት ትውልድ ሚስቶቹን አሳማ ለማብላት እየላከ የደበቀውን ቀለም፣ ቱንግ በቋጥኝ ሥር ለመንደሩ ሁሉ በነጻ አደለው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አንዱ ቀጥቃጭ ከኋላ፣ ቱንግ እባክህ የማሩን ዓይነትም ንገረን፣ የጫካ ነው ወይስ የቀፎ አለው። ቱንግ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ፊን አልሳቀችም። እዚያው ቆማ የሰማችውን ደግማ በልቧ አለችው። አይዞሽ ያላት ሰው የለም። እንኳን ሞከርሽም ያላት የለም። አንድ ቀጥቃጭ በሌላ ቀጥቃጭ ሥራ ላይ ተናዶ ጮኸባት፤ ባሏ የሠራውን ስህተት፣ በዚያው ቦታ፣ በመጀመሪያው ዓመት እንደሠራች ነገራት። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀና አለ። ቢላዋዋን ከቱንግ እጅ መልሳ ተቀበለችና በጨርቅ ጠቅልላ ቤቷ ገባች። ማኅተሟን ከታክ ስም አጠገብ መሠዊያው ላይ አስተኛቻት፣ ዕጣን ለኮሰች፣ ከዚያ ለሃው ምሳ ሠራች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሃው በአውቶብስ ሄደች። ጥፍሮቿ ላይ ቀለም አልቀረም፣ በሁለቱም መዳፎቿ ውሃ የቋጠረ ቁስል ነበር፤ ፋብሪካ ደርሳ ለጓደኞቿ ለማሳየት ቸኩላለች። በሚቀጥለው ዓመት ፈቃዴን አሥር ቀን አስቀድሜ እወስዳለሁ አለች። ፊን፣ ባሌስትራ እኔ እፈልጋለሁ፣ አንቺ ክንድሽን አምጪ አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ፊን ወደ ቱንግ እሳት ሄደች። ማኅተሙ የተኛበት ሰው በሌላ ቤት ይሠራል፣ ደንብ ነው። ቱንግ ወናፉን እየነፋ ነበር። ትልቁን መዶሻ እጀታውን አጥቦ ለእሷ ከግድግዳው ጋር አስደግፎታል። ፊን ገባች፣ ጤና ይስጥልኝ አለች፣ በመዶሻው አጠገብ አልፋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ቱንግ ቆመ።

«እትዬ፣ ያ የእኔ ቦታ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ…»

«ማር እስኪመስል ጠብቂ አልከኝ። ማዶ ቆሜ እንዴት አየዋለሁ?»

ቱንግ ዙሪያውን አየ። ሊየን በቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው። «እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቆሜያለሁ። መቆም አይገድልም፣ ይኸው አለሁ።»

ቱንግ ስለ ማኅተሙ ክብር፣ ስለ ወንድነቱና ስለ ትከሻው ሊናገር የነበረውን ሁሉ ሳይናገር ዋጠው። ምናልባት ነገ ይናገረዋል። ለዛሬ ግን ብረቱ ግሏል፣ የጋለ ብረት ደግሞ ክርክር አይጠብቅም። ሄዶ ትልቁን መዶሻ አነሳ።

ፊን ብረቱን አወጣች። ነካ አደረገች። ቱንግ መታ፣ በሁለት ጣት ሳተ። ነካ አደረገች። አሁንም ሳተ፣ ግን በአንድ ጣት። ጠርዙን አቃጨለች፣ እሱም ቆመ፤ ዕድሜውን ሙሉ ለሌላ ሲናገረው የኖረው ይህ ቃል ለእሱ ሲነገረው የመጀመሪያ ቀኑ ነው።

«እንደ እንግዳ ነው የምትመታው» አለችው። «በሩን እንደሚያንኳኳ። ቤትህ ነው፣ ግባ።»

ሊየን ባቄላው ከጭኗ እስኪበተን ሳቀች። ቱንግም ሊቆጣ ጀምሮ ሳቁ ቀደመው። በሦስተኛው ግለት መምታት ጀመረ። በአምስተኛው ቦታውን አልሳተም። ሸሚዙን አወለቀ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተነፈሰ። ቢላዋው ቅርጽ ሲይዝ ፊን እሳቱ ፊት ዝቅ ብላ ጠበቀች። ገለባው መጣ፤ እጇ ሊንቀሳቀስ ሲል ያዘችው። ገለባው አለፈ። ከሥሩ ሌላ ቀለም ተነሣ፣ ወፈር ያለ፣ ከቀፎ ጫፍ የሚንጠባጠበውን የሚመስል። ቱንግ ከኋላዋ ቆሟል። አሁን አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ብረቱን ራሷ ውሃ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቱንግ የራሱን ማኅተም፣ ክቧን፣ አቀበላት፤ እሷም በቢላዋው ጀርባ ላይ ቀጥ አድርጋ መታቻት። የዚህ ዓመት ቢላዋ ሁሉ በክብ ይወጣል፤ ደንብ ነው፣ ደንቡም እንዲጠበቅ የጠየቀችው ራሷ ናት።

በፓክ ሉንግ ሰው የእያንዳንዱን ቤት ትንሽ መዶሻ በድምፁ ይለያል፣ የጎረቤትን ሳል እንደሚለይ። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ አባባ ዲን በረንዳቸው ላይ ትንባሆ እያጨሱ ከቱንግ ቤት በኩል የሚመጣውን ሰሙ። ትልቁ መዶሻ ከባድና ዝግ ያለ ነው፣ ማን እንደሆነ አልታወቃቸውም። ትንሹም የቱንግ አይደለም። የታክም አይደለም። አጭር፣ ደረቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚናገር ነው። ትንባሆአቸውን ከአፋቸው አውጥተው እስኪቆም ድረስ አዳመጡት፣ ከዚያ ምራታቸውን ጠርተው ይህ የማን መዶሻ ነው ብለው ጠየቋት።

«የፊን» አለቻቸው።